የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሲመረጥ፦ እጅ የሚሰማው፣ ክንድ የሚችለው

ፀሐይ ሳትወጣ በጣና ሐይቅ ዳርቻ የተገኘ ሰው ሁለት ዓይነት ዓሣ አስጋሪ ያያል። አንደኛው በደንገል ታንኳ ወይም በጀልባ ገብቶ፣ ማታ የዘረጋውን መረብ የሚሰበስበው ነው። ሁለተኛው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ አለዚያም ውኃው ጉልበቱ ድረስ መጥቶ፣ አንድ ዘንግ ይዞ የሚጠብቀው ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ይነገራል። የመረብ ዓይን ስፋት፣ ሕገ ወጥ መረብ፣ የጀልባ ሞተር በየስብሰባው ይነሣሉ። ሁለተኛው ግን ብዙም አይወራለትም። የያዘው ዘንግ ከጓሮ የተቆረጠ ሸምበቆ ነው፤ ወይም ደግሞ ከከተማ ሱቅ የተገዛ፣ እንደ አንቴና የሚሳብና የሚታጠፍ ባለ ብዙ መጋጠሚያ ዘንግ ነው።

ይህ አስጋሪ በጣና ዳር ብቻ የሚገኝ አይደለም። በዓባይ፣ በጉማራና በርብ ወንዞች ዳር፣ በመስኖ ግድቦች ዙሪያም አለ። የእርሻ ሥራ ጋብ ሲል ለቤቱ የሚያጠምድ፣ ሲተርፈውም ወደ ገበያ የሚወስድ አርሶ አደር አለ። በማኅበር ተደራጅቶ ኑሮውን በዚሁ ሥራ ለመግፋት የሚሞክር ወጣትም አለ። ለሁለቱም ዘንግ እንደ ማረሻና እንደ ማጭድ የሥራ መሣሪያ ነው። ማጭድ የሚገዛ አርሶ አደር ስለቱን በአውራ ጣቱ ሳይዳብስ፣ እጀታውን ጨብጦ ሳይወዘውዝ ገንዘብ አይከፍልም። ዘንግ ሲገዛ ግን ቀለሙን ዓይቶ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ ጠቅልሎ ይሄዳል። ልዩነቱ የሚታወቀው ውኃው ዳር ከደረሰ በኋላ ነው።

ጥሩ ዘንግ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ዓሣው ማጥመጃውን ሲነካ ለእጅ ማሰማቱ ነው። ሁለተኛው ለረጅም ሰዓት ሲያዝ ክንድንና የእጅ አንጓን አለማድከሙ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ቢመስሉም ሥራ ላይ አንድ ናቸው፤ የደከመ እጅ አይሰማምና።

የቀረሶ ንክሻ

ማሰማት የሚባለው ነገር ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማወቅ ከቀረሶ መጀመር ይበጃል። ቀረሶ አፉ ትንሽ ነው። ዋና ምግቡ በውኃ ውስጥ የሚገኝ አረንጓዴ ደቂቅ እፅዋት በመሆኑ፣ ትል ወይም ሊጥ ሲያገኝ እንደ አዳኝ ዓሣ ዘሎ አይነጥቅም። ይነካዋል፣ በከንፈሩ ይይዘዋል፣ ካልተመቸው ይተፋዋል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። ከባድና ልል ዘንግ የያዘ ሰው ከዚህ ምንም አይሰማም። የሚሰማው ዓሣው ማጥመጃውን ከነመንጠቆው ውጦ ለመሄድ ሲዞር ብቻ ነው። ያኔ ደግሞ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ዓሣው ምግቡን በልቶ ባዶ መንጠቆ ትቶ ሄዷል፤ ወይ መንጠቆው ከጉሮሮው ወርዷል።

መንጠቆ የዋጠ ዓሣ ለሚበላው ሰው ችግር የለውም። ችግሩ የተያዘው ዓሣ መመለስ ያለበት ሲሆን ነው። ገና ያላደገ፣ ክብደቱ ለገበያ የማይበቃ ቀረሶ ከንፈሩ ላይ ከተያዘ መንጠቆው በቀላሉ ይወጣል፣ ዓሣውም ወደ ውኃው ተመልሶ ያድጋል። ጉሮሮው ወይም ስንጥቡ ላይ ከተያዘ ግን ቢመለስም አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። እንግዲህ ንክሻን በጊዜ የሚያሰማ ዘንግ ለአስጋሪው ብዙ ዓሣ ከማስያዙ ሌላ፣ የትኛውን እንደሚወስድና የትኛውን እንደሚመልስ የመምረጥ ዕድል ይሰጠዋል ማለት ነው። መረብ ይህን ዕድል የሚሰጠው በዓይኑ ስፋት ልክ ብቻ ነው፤ አንዴ የገባበት ዓሣ ሌሊቱን እዚያው ያድራል።

በጣና ይህ ትርፍ ጉዳይ አይደለም። ሐይቁ በአማርኛ ነጭ ዓሣ እየተባሉ የሚጠሩ ቢያንስ 15 ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹም ከጣና ውጭ በዓለም የትም አይገኙም። ብዙዎቹ በክረምት ወራት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። ይህ ወቅት የፍልሰታ ጾምም የሚውልበትና የዓሣ ፈላጊ የሚበዛበት ነው። በእነዚህ ወራት በወንዞቹ መግቢያ መረብ መዘርጋት የሚያደርሰው ጉዳት ለዓሣ ሀብት ባለሙያዎች የቆየ ጭንቀት ነው። ዘንግ የያዘም ቢሆን እንቁላል የተሸከመች ዓሣ በምትሰበሰብበት መግቢያ ላይ ቆሞ ሲያወጣ ቢውል ከደሙ ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም። ነገር ግን ዘንግ የያዘ ሰው የያዛትን መልቀቅ ይችላል፤ መልቀቁ የሚረባው ደግሞ በጊዜ ከተሰማው ነው።

አምባዛ ከቀረሶ ጋር አይመሳሰልም። በአብዛኛው በምሽትና በሌሊት፣ ከታች ከደለሉ አጠገብ ይመገባል። አፉ ሰፊ ነው፤ ምግቡን አስቀድሞ በጢሞቹ ይዳብሳል። ንክሻው ሲጀምር ቀስ ያለ ነው፣ ሲሄድ ግን ክንድ ይነቅላል። ለእርሱ የሚያስፈልገው ከጫፉ ይልቅ ግርጌው የጠነከረ ዘንግ ነው። በአንድ ዘንግ ቀረሶንም አምባዛንም በእኩል ደረጃ ለመያዝ የሚፈልግ ሰው ከሁለት አንዱን መተው ግድ ይሆንበታል። ገዢው ሱቅ ከመግባቱ በፊት ሊመልሰው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄም የትኛውን ዓሣ ነው የሚለው ነው። በብዙ ሱቆች ይህን ጥያቄ ሻጩ አይጠይቅም።

ከምን ተሠራ

ዘንግ ንክሻን የሚያሰማው እንዴት ነው? ዓሣው ማጥመጃውን ሲነካ በክሩ ላይ ትንሽ መሳብና ንዝረት ይፈጠራል። ይህ በክሩ ወደ ዘንጉ ጫፍ፣ ከጫፉ በአካሉ በኩል ወደ እጀታው ይደርሳል። በመንገዱ ላይ የሚያግደው ሦስት ነገር ነው፦ የዘንጉ ክብደት፣ የዘንጉ ልልነት፣ የመጋጠሚያዎቹ ብዛት። ከባድ ነገር በትንሽ ንክኪ አይነቃነቅም። ልል ነገር ንክኪውን ራሱ ውስጥ ውጦ ያስቀረዋል። ልቅ መጋጠሚያ ደግሞ በየቦታው ጥቂት ጥቂት ይቆርጣል። ስለዚህ ቀላልና ግትር የሆነ፣ መጋጠሚያው ጥቂት የሆነ ዘንግ ብዙ ያሰማል።

በአገራችን ከሁሉ ቀድሞ የሚታወቀው የሸምበቆ፣ የቀርከሃና የሽመል ዘንግ ነው። በደጋ፣ በተለይም በአዊ አካባቢ የሚበቅለው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት በመሆኑ ቀላል ነው። የቆላው ሽመል ውስጡ ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ በመሆኑ ጠንካራ ግን ከባድ ነው። እነዚህን መናቅ አይገባም። በደንብ የደረቀ ቀጭን የቀርከሃ ዘንግ፣ ክሩ ጫፉ ላይ ታስሮ ዳር ዳሩን ለቀረሶ ሲያገለግል፣ ገበያ ላይ ካሉት ርካሽ ዘንጎች ብዙዎቹን ይበልጣል። ምክንያቱም አንድ ወጥ ነው፤ መጋጠሚያ የለውም። ጉድለቱ ሩቅ መወርወር አለመቻሉ ነው። ቀርከሃ ለዚህ ሲቆረጥ ሦስት ዓመት ገደማ የሞላው፣ በበጋ የተቆረጠ፣ በጥላ ሥር የደረቀ መሆን አለበት። እርጥቡና ለጋው ሲደርቅ ይጣመማል፣ ነቀዝም ይገባበታል። የተጣመመውን በእሳት ሙቀት እያለሰለሱ ማቅናት ይቻላል።

ሁለተኛው ፋይበርግላስ የሚባለው ከመስታወት ክር የተሠራ ዘንግ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዓለም ገበያ የቀርከሃን ቦታ የወሰደው እርሱ ነው። ቢመታ፣ ቢረገጥ፣ በመኪና ጣራ ላይ ቢጫን በቀላሉ አይሰበርም። እንደ ልምጭ ይለመጣል እንጂ አይቀነጠስም። ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። ነገር ግን ከባድና ልል ነው፤ የቀረሶን ንክሻ ከመንገድ ያስቀረዋል። ለአምባዛ ግን ይህ ልልነት ጥቅም ይሆናል፤ ዓሣው ሲፈራገጥ ዘንጉ አብሮት እየተለመጠ ክሩ እንዳይበጠስ ያደርጋል።

ሦስተኛው የካርቦን ዘንግ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋ ነው። የካርቦን ክር በእኩል ክብደት ሲለካ ከመስታወት ክር በብዙ እጥፍ ግትር ነው። ስለዚህ አምራቹ ያንኑ ጥንካሬ በጥቂት ቁስ ማግኘት ይችላል፤ ዘንጉም ቀጭንና ቀላል ይሆናል። ሲያሰማም እርሱን የሚወዳደር የለም። ጉዳቱ በመመታት መሰበሩ ነው። ድንጋይ ላይ አንዴ የወደቀ የካርቦን ዘንግ ቀለሙ እንኳን ሳይላጥ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ከሳምንት በኋላ ትልቅ ዓሣ ሲይዝ ቀጭ ይላል። ባለቤቱም ዓሣው ሰበረብኝ ይላል እንጂ ድንጋዩን አያስታውሰውም።

ገበያ ላይ «ካርቦን» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ሁሉ ካርቦን ብቻ አይደለም። ከመስታወት ክር ጋር የተቀላቀለ በብዛት አለ። መቀላቀሉ በራሱ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ድንጋያማ ዳርቻ ላይ ለሚሠራ ሰው የሁለቱን ጠባይ አስታርቆ የያዘ ጥሩ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ነውሩ በቅልቅሉ ላይ የሙሉ ካርቦን ዋጋ መጠየቁ ነው። ጽሑፉን ከማመን ሁለት እኩል ርዝመት ያላቸው ዘንጎችን በሁለት እጅ ይዞ ማመዛዘን ይሻላል።

እንደ አንቴና የሚሳበው ዘንግ ለብቻው ይነሣ። በቦርሳ ስለሚገባ፣ በአውቶቡስ ስለሚጓዝ ይወደዳል። ነገር ግን አምስትና ስድስት መጋጠሚያ አለው፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ንዝረቱን ይቀንሳል። የዳርቻ አሸዋና ደለል በመጋጠሚያዎቹ ሲገባ ደግሞ አንዱ አልወጣ፣ ሌላው አልገባ ይላል። ለጉዞ ካልሆነ በቀር ለሥራ የሚመከር አይደለም። ሁለት ቦታ ብቻ የሚጋጠም ዘንግ ከእርሱ ይሻላል።

የክንድ ነገር

አንድ አጥማጅ በሰዓት 30 ጊዜ ቢወረውር በአምስት ሰዓት 150 ጊዜ ወረወረ ማለት ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ ዘንጉን ዘርግቶ መያዝ ነው። ስለዚህ ምቾት የሚባለው የቅንጦት ጉዳይ ሳይሆን የሥራ ሰዓት ጉዳይ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አንጓውን ያመመው ሰው ዘንጉን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ለቀረሶ ንክሻ ያለው ጆሮ ተዘጋ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ምቾትን ከዘንጉ ጠቅላላ ክብደት ጋር ብቻ ያያይዘዋል። ክብደቱ የት ላይ እንዳለ ግን የበለጠ ይወስናል። ዘንግ ማንሻ ነው። በሁለት ሜትር ዘንግ ጫፍ ላይ የተጨመረ 10 ግራም፣ ከእጅ 10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ የተንጠለጠለ 200 ግራም ያህል አንጓን ወደ ታች ይጎትታል። ስለዚህ ትልልቅ የብረት ቀለበት በጫፉ የተደረደረበት ዘንግ ሚዛን ላይ ቀላል ቢሆንም እጅ ላይ ይከብዳል። የክር መጠቅለያው ክብደት ደግሞ ከእጁ አጠገብ ስለሆነ ያን ያህል አይጎዳም፤ እንዲያውም የጫፉን ክብደት ያመዛዝናል። ለዚህ ነው ዘንግ ያለ መጠቅለያው መፈተን የሌለበት። መጠቅለያው ተገጥሞ፣ ዘንጉ ከመጠቅለያው ትንሽ ፊት ለፊት በአንድ ጣት ላይ ሲቀመጥ ወደ ጫፉ ካልዘመመ ሚዛኑ ጥሩ ነው።

እጀታን በተመለከተ የቡሽ እጀታ ቀላል ነው፣ እርጥብ እጅ ውስጥም አይንሸራተትም፤ ግን ይፈረፈራል። የስፖንጅ እጀታ ርካሽና ረጅም ዕድሜ ያለው ነው። የተወለወለ ጠንካራ ፕላስቲክ ግን አምባዛ ነክቶ ዝልግልግ ባለ እጅ ሲያዝ ያንሸራትታል፤ ባይገዛ ይሻላል። ቀርከሃ የሚጠቀም አርሶ አደር መያዣውን በሲባጎ ወይም ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ሪባን ቢጠመጥመው ያንኑ ምቾት ያለ ወጪ ያገኛል። የግርጌው ርዝመትም እንደ ቦታው ይለያያል። ከዳርቻ ቆሞ በሁለት እጅ ለሚወረውር ግርጌው እስከ ክርኑ የሚደርስ ይሁን። ታንኳ ላይ ተቀምጦ ለሚያጠምድ ግን ረጅም ግርጌ ሆዱን ይወጋዋል፣ ሲዞርም ይጠላለፈዋል። የዘንጉ ርዝመትም እንዲሁ ነው፤ ለዳርቻ ከ2.40 እስከ 2.70 ሜትር፣ ለታንኳ ከ2 ሜትር ብዙም የማይዘልል ይበቃል።

ሱቅ ውስጥ

ሻጭ አብዛኛውን ጊዜ ዘንጉን ጎንበስ አድርጎ እየለመጠ «ወንድሜ፣ ይቺ አትሰበርም» ይላል። መለመጡ የሚያሳየው አለመሰበሩን ሳይሆን ልልነቱን ነው። ገዢው ሌላ ፈተና ማድረግ ይችላል። አብሮት የመጣው ሰው የዘንጉን ጫፍ በጥፍሩ ቀስ ብሎ ይንካለት፤ ገዢው ዓይኑን ጨፍኖ እጀታውን ይያዝ። ንክኪው ጥርት ብሎ ከተሰማው ደግ ነው። ሌላው የቆየ ዘዴ፣ ጫፉን ጓደኛ ጉሮሮው ላይ አስነክቶ ድምፁን ሲያሰማ በእጀታው ላይ ንዝረቱን መዳሰስ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚያስቅ ይመስላል፤ ሁለት ዘንጎችን ለማወዳደር ግን ይረዳል።

ቀጥሎ ዘንጉን እንደ ጠብመንጃ ከግርጌው ወደ ጫፉ አነጣጥሮ ማየት ነው። ቀለበቶቹ በአንድ መስመር ካልተደረደሩ ክሩ እየታከከ ያልቃል። ከዚያም ትንሽ ጥጥ በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ማሳለፍ ነው። ቀለበቱ ውስጥ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ወይም ሻካራ ቦታ ካለ የጥጡ ጭረት ይያዝበታል። ያ ቦታ ክርን እንደ ቢላ የሚቆርጥ ነው። ከአንድ ወር አገልግሎት በኋላም ይህን መድገም ይበጃል።

በዘንጉ ላይ የተጻፈው ቁጥርም መነበብ አለበት። ርዝመቱ በሜትር ወይም በጫማ፣ የሚችለው የክር ጥንካሬ በፓውንድ ወይም በኪሎ ግራም፣ የሚወረውረው ክብደት በግራም ይጻፋል። አንድ ፓውንድ 0.45 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ከ10 እስከ 30 ግራም የሚል ዘንግ ላይ 80 ግራም እርሳስ አስሮ መወርወር ዘንጉን ሆን ብሎ መስበር ነው። ምንም ቁጥር ያልተጻፈበት ዘንግ ሲገጥም ሻጩን መጠየቅ፣ እርሱም ካላወቀ ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ ነው።

ገንዘብ ካነሰ ግን ከዘንጉ ላይ ቀንሶ ክሩ ላይ መጨመር ይሻላል። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ተራው የናይሎን ክር እስኪበጠስ ድረስ ከርዝመቱ ሩብ ገደማ ሊለጠጥ ይችላል፤ ውኃ ሲጠጣ ደግሞ ይብስበታል። 30 ሜትር ርቆ የተጣለ ልጥጥ ክር የቀረሶን ንክሻ ዘንጉ ጋ ከመድረሱ በፊት ያስቀረዋል። ያኔ ውድ የካርቦን ዘንግ መያዝ ትርጉም የለውም። ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተጎነጎነው ክር የሚለጠጠው በጣም ጥቂት ነው፤ በውድ ዋጋ ቢገዛም ረጅም ጊዜ ያገለግላል። ድንጋይ ሲታከከው ግን ቶሎ ስለሚበጠስ፣ መጨረሻው ላይ አንድ ሜትር ገደማ ናይሎን መቀጠል የተለመደ ነው።

ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ አንድ ነገርም አለ። ክሩን ከመጠቅለያው ፊት ለፊት በሌባ ጣት ላይ ማሳረፍ ነው። ጣት ከየትኛውም ዘንግ በላይ ይሰማል። የሸምበቆ ዘንግ የያዘ ሽማግሌ ባለ ውድ ዘንጉን ወጣት ሲበልጠው የሚታየው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ለወረዳ ግዢ

ለተደራጁ ወጣቶች የዓሣ ማስገሪያ መሣሪያ በመንግሥት ወይም በፕሮጀክት ድጋፍ ሲገዛ፣ የፍላጎት መግለጫው ላይ «የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከነመጠቅለያው» የሚል አንድ መስመርና ብዛት ብቻ ሊሰፍር ይችላል። በእንዲህ ዓይነት ጨረታ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል፤ ዝቅተኛው ዋጋ ደግሞ ባለ ስድስት መጋጠሚያው ዘንግ ነው። መሣሪያው ይከፋፈላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ወጣቶቹም ጥቂት ሞክረው ወደ መረብ ይመለሳሉ። መረቡ ደግሞ ቁጥጥር የሚያሳድደው ያው ጥቃቅን ዓይን ያለው ሊሆን ይችላል።

መግለጫው ላይ ጥቂት መስመሮች መጨመር ከባድ ሥራ አይደለም። የዘንጉ ርዝመት፣ ከሁለት የማይበልጥ ክፍል፣ የተሠራበት ቁስ፣ ባዶ ክብደቱ በግራም ከስንት እንዳይበልጥ፣ የቀለበቱ ውስጠኛ ክፍል ሴራሚክ መሆኑ፣ የሚችለው የክር ጥንካሬ፣ የእጀታው ዓይነት ቢጻፍ ሻጩ ማምለጫ ያጣል። ለቀረሶና ለአምባዛ የሚሆነው ተለይቶ ይጠየቅ። ናሙና ሲቀርብ ደግሞ ከኮሚቴው ጋር ከማኅበሩ ሁለት ሦስት ወጣቶች ተገኝተው በእጃቸው ይያዙት፤ በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ያለ ዘንግ ምንም አይናገርም። መለዋወጫ የጫፍ ቀለበትና የተጎነጎነ ክር በዚያው ጥቅል ቢካተት ወጪው ትንሽ ነው። መንጠቆውም ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረው ክብ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ እርሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የአፍ ጥግ ላይ ስለሆነ የሚመለሰው ዓሣ የመትረፍ ዕድሉ ይሰፋል። በዚህ መንጠቆ ሲጠመድ ንክሻ እንደተሰማ ዘንጉን በኃይል መንጠቅ አያስፈልግም፤ ክሩን እየጠቀለሉ ማጥበቅ ይበቃል።

ዘንግ መረብን በምርት መጠን አይተካም። በአንድ ሌሊት መረብ የሚያወጣውን በዘንግ ለማውጣት ብዙ ቀን ይፈጃል። በዘንግ የሚገኘው ሌላ ነው። ዓሣው በሕይወት እያለ ይወጣል፣ ሥጋው አይቀጠቀጥም፣ ትኩስነቱን ለይቶ የሚያውቅ ምግብ ቤት ይፈልገዋል። በእምቦጭ በተሸፈኑ ዳርቻዎች መረብ ሲጠላለፍና ሲቀደድ፣ ዘንግ የያዘ ሰው ክፍት ቦታ ፈልጎ መሥራት ይችላል። ለመነሻ የሚያስፈልገው ገንዘብም ከጀልባና ከመረብ ጋር አይወዳደርም። ለንግድ የሚያሰግር ሰው ግን በዘንግ ነው ብሎ ከፈቃድ ነፃ የሆነ እንዳይመስለው፣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ንና የክልሉን ደንብ በተመለከተ አስቀድሞ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ አለበት። የተከለሉ ቦታዎችና ወራትም በዚያው ይነገሩታል።

ስለ አጠባበቅ የሚባለው ጥቂት ነው። ዘንግ ከሥራ በኋላ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ መጋጠሚያው በጨርቅ ይጠረግ፤ ቁሞ ወይም በሁለት ችንካር ላይ ተኝቶ ይቀመጥ እንጂ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ለወራት አይጉበጥ። ትልቅ ዓሣ ሲወጣ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ ማቆም ጭነቱን ሁሉ ቀጭኑ ጫፍ ላይ ስለሚጥለው፣ ጎንበስ አድርጎ ይዞ ዓሣውን በእጅ መረብ መቀበል ያስፈልጋል። የካርቦን ዘንግ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ነው። በክረምት ከሰዓት በኋላ በጣና ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ዘንጉን አስተኝቶ ከውኃው መውጣት፣ ከኤሌክትሪክ መስመር ሥር ደግሞ ከነጭራሹ አለመወርወር ነው።

ጫፉ የተሰበረ ዘንግም አይጣልም። ስብራቱ ከጫፉ 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሆነ፣ ተስተካክሎ ተቆርጦ፣ በልኩ አዲስ ቀለበት በማጣበቂያ ተተክሎለት ይሠራል። ለቀረሶ የነበረው ስሜቱ ይቀንሳል፤ ጫፉ ወፍሯልና። ለአምባዛ ግን ከበፊቱ የተሻለ ይሆናል።